ወረታ ላይ ፋራው ማን ነው?

አራዳነቴን ፎገራ ላይ አራግፌ መጣሁላችሁ!

ወሩ ነሐሴ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስንሄድ ጋቢ የለበሱ አዛውንት አጠገቤ ተቀመጡ። ጓደኛዬ «ባላገር ደረሰህ» ብሎ ሹክ አለኝ፤ ሳቅን። ጉማራን እንዳለፍን የሜዳው ልምላሜ አስደነቀኝና «አባባ፣ ጤፉ እንዴት አምሯል!» አልኩ። «ልጄ፣ ሩዝ እኮ ነው» አሉኝ። ፎገራ የታወቀበትን ሩዝ!

አውቶቡሱ ወረታ ሲቆም ሻይ ቤት ገባን፤ ጓደኛዬ «ፋራ» እያለ ያበሽቀኝ ጀመር። ቃሉ ከየት መጣ? «አራዳ» እንኳ አያከራክርም፤ የአዲስ አበባው የጊዮርጊስ ገበያ ሰፈር ስም ነው። «ፋራ»ን ግን እሱ የእንግሊዝኛው «ፋር»፣ ማለትም ሩቅ ነው ይላል። እኔ አልተዋጠልኝም። እንግሊዞቹ ራሳቸው የድሃውን ሰፈር ልጅ በሚሰድቡበት «ቻቭ» አይስማሙም፤ ግማሹ ከጂፕሲዎች ቋንቋ «ልጅ» ከሚለው መጣ ሲል፣ ሌላው ምህጻረ ቃል ነው ይላል።

አዛውንቱ ለካ ሹክሹክታችንን ሰምተዋል። «ባላገር ማለት ባለ አገር ነው» አሉ ሻያቸውን እያማሰሉ። «አንተስ ልጄ፣ የምን ባለቤት ነህ?»

የምኖረው በኪራይ ቤት ነው። ዝም አልኩ። የሻዩንም ሂሳብ የከፈሉት እሳቸው ናቸው።