ከተማይቱ ከተከፈተች በኋላ



በልጅነታችን በመድረሳ ከኡስታዛችን ፊት ተቀምጠን የቁስጠንጢንያን መከፈት ስንሰማ ልባችን በደስታ ይሞላ ነበር። ኡስታዛችን በኢማም አሕመድ ሙስነድ ስለዚህች ከተማ የተዘገበውን ሐዲስ ያነሳሉ፤ መርከቦች በኮረብታ ላይ እንዴት እንደተጎተቱ ይተርካሉ፤ የ21 ዓመቱ ወጣት ሱልጣን ሙሐመድ አል-ፋቲሕ በፈረስ ወደ ከተማይቱ ሲገቡም ትረካውን ይዘጉታል። ከሰዓት በኋላ በምንሄድበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ የታሪክ መምህራችን ያንኑ ቀን «የቁስጠንጢንያ ውድቀት» ብለው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፉታል። አንዱ ቀን ሁለት ስም ነበረው፤ ጠዋት መከፈት፣ ከሰዓት በኋላ ውድቀት።

ዛሬ እኛም በተራችን ጠመኔ ይዘን ከሰሌዳ ፊት ቆመናል። ይህንኑ ትምህርት ስናስተምር አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ሱልጣኑ ከገቡ በኋላ፣ በማግስቱ ከተማው ውስጥ ማን ነበር?» ሲል ጠየቀን። ኡስታዛችንም ሆኑ መምህራችን ትረካቸውን የሚያቆሙት እዚያው ላይ ነበርና መልስ አጣን። ወደ ኢስታንቡል የመሄድ ዕድል ባጋጠመን ጊዜ ጥያቄውን ይዘን ሄድን። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጉሮሮው ምሽግ

ጉዟችንን የጀመርነው ከባሕር ነው። ጥቁር ባሕርን ከማርማራ ባሕር በሚያገናኘው የቦስፎር ወሽመጥ ላይ በጀልባ ሽቅብ ስንጓዝ፣ ውኃው እጅግ በሚጠብበት ቦታ በግራችን ትላልቅ ማማዎች ያሉት ምሽግ ብቅ አለ። ሩሜሊ ሒሳሪ ይባላል። ከማዶ፣ በእስያ በኩል፣ የሱልጣኑ ቅድመ አያት ባየዚድ ቀዳማዊ ያሠሩት አናዶሉ ሒሳሪ ይታያል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 700 ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ሱልጣን ሙሐመድ ይህን ምሽግ በ1452 በአራት ወር ገደማ አስጨረሱት። የጥንት ስሙ ቦአዝኬሰን ነው። በቱርክኛ «ቦአዝ» ማለት ጉሮሮም የባሕር ወሽመጥም በመሆኑ፣ ስሙ «ጉሮሮ ቆራጭ» የሚል ትርጉምም አለው። የስሙ ምክንያት ግልጽ ነው። ቁስጠንጢንያ የምትበላው እህል፣ ነጋዴዎቿ የሚነግዱት ዓሣ፣ ቆዳና ፀጉር፣ እንዲሁም እንደ ዕቃ የሚሸጡት ባሮች ከጥቁር ባሕር የሚመጡት በዚህ ጉሮሮ ነበር። ምሽጉ ካለቀ በኋላ የሚያልፍ መርከብ ሁሉ ቆሞ እንዲከፍል ታዘዘ። በኅዳር 1452 አንድ የቬኒስ መርከብ አልቆምም ብሎ ሊያልፍ ሲሞክር በመድፍ ተመትቶ ሰጠመ፤ አዛዡም ተገደለ። እንግዲህ ከተማይቱ ከግንቧ በፊት በገበያዋ በኩል ተከብባ ነበር ማለት ነው።

በግንቡ ሥር

በማግስቱ በምዕራብ በኩል ወዳለው የየብስ ግንብ ሄድን። በአምስተኛው መቶ ዘመን በንጉሥ ቴዎዶስዮስ ዳግማዊ ዘመን የተሠራው ይህ ግንብ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። የፈረሰው እንደፈረሰ ነው፤ በአንዳንድ ቦታ በሥሩ ሰላጣና ሽንኩርት ተተክሏል። ከበባው ሚያዝያ 6 ቀን 1453 ተጀመረ። ኦርባን የተባለው የሃንጋሪ ተወላጅ ያቀለጣቸው መድፎች ግንቡን ደበደቡት፤ ሚያዝያ 22 ቀን መርከቦቹ በየብስ ተጎትተው «ሐሊጅ» ወደሚባለው ሰላጤ ወረዱ፤ ግንቦት 29 ቀን ሠራዊቱ ገባ። የመጨረሻው የሮም ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ 11ኛ በዚያው ቀን ሲዋጉ ሞቱ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 53 ቀን ነው።

ውድ አንባብያን፣ ከዚህ በኋላ የሆነውን ሳንናገር ብናልፍ አማና እናጎድላለን። በዘመኑ የጦር ልማድ መሠረት ለሠራዊቱ የሦስት ቀን ዘረፋ ተፈቅዶ ነበር። ብዙ ሰው ተገደለ፤ ከተረፈው ነዋሪ አብዛኛው ተማርኮ ተወሰደ። ክሪቶቡሎስ የተባለው፣ ሱልጣኑን ያገለገለው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ፣ ሱልጣኑ የከተማይቱን ውድመት ባዩ ጊዜ እንባቸው እንደ ወረደ ጽፏል። ከተማይቱ ቀድሞም ተዳክማ ነበር። በ1204 የመስቀል ጦረኞች ዘርፈዋት ከዚያ ወዲህ አላገገመችም፤ በከበባው ዋዜማም በዚያ ሁሉ ግንብ ውስጥ የነበረው ሕዝብ ከ50 ሺህ አይበልጥም። አሁን ደግሞ ያውም የለም። ቁርኣን በራሳችን ላይም ቢሆን እውነትን እንድንመሰክር ያዘናልና፣ ለተማሪያችን የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፤ በማግስቱ ከተማው ባዶ ሊሆን ጥቂት ነበር የቀረው።

ሱልጣኑ ይህን ለመጠገን ጊዜ አልወሰዱም። ገና በሦስተኛው ቀን ከሐሊጅ ማዶ ለሚኖሩት የገላታ ጄኖቫውያን ነጋዴዎች ቤታቸው፣ ንብረታቸውና ንግዳቸው እንደማይነካ የሚገልጽ ቃል ኪዳን ተጻፈላቸው። ከምርኮኞች የራሳቸው ድርሻ የሆኑትን ከነቤተሰባቸው በሐሊጅ ዳርቻ አሰፈሩ፤ ለተወሰነ ጊዜም ግብር ማሩአቸው። በጥር 1454 ጌናዲዮስ የተባሉት መነኩሴ የኦርቶዶክሶች ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። በዚያው ዓመት ከቬኒስ ጋር በተደረገ ውል ነጋዴዎቿ 2 በመቶ ቀረጥ እየከፈሉ እንዲገቡና እንዲወጡ ተፈቀደ።

ያለ ፈቃዳቸው የመጡት

ይሁንና ከተማ በአዋጅ ብቻ አይሞላም። «የመጣ ሁሉ ቤት ይሰጠዋል» ቢባልም የመጣው ሰው ጥቂት ሆነ። በዚህ ጊዜ ነው ሱልጣኑ ወደ «ሱርጉን»፣ ማለትም ወደ ግዳጅ ሰፈራ የዞሩት።

ይህንን የተረዳነው በአንድ የትራም ፌርማታ ላይ ቆመን ነው። የፌርማታው ስም አክሰራይ ይባላል። አክሰራይ በመካከለኛው አናቶሊያ የምትገኝ ሌላ ከተማ ናት። ሱልጣኑ ከ1468 ጀምሮ የካራማንን አገር ሲይዙ የአክሰራይን፣ የኮንያንና የላረንዴን ቤተሰቦች ነቅለው ወደዚህ አመጡ፤ እነዚያም የአዲሱን ሰፈራቸውን ስም በአገራቸው ስም ጠሩት። የሆነው በእነርሱ ላይ ብቻ አይደለም። ከሞሪያ በ1460፣ ከትራብዞን በ1461፣ ከሌስቦስ ደሴት በ1462፣ ከጥቁር ባሕር ማዶ ከከፋ ወደብ ደግሞ በ1475 ግሪኮች፣ አርመኖችና ጄኖቫውያን መጡ። ከአናቶሊያና ከባልካን ከተሞች አይሁዶች መጡ። ከየከተማው የሚፈለገው በተለይ የእጅ ሙያ ያለውና ሀብት ያለው ነበር። ሙስሊም መሆንም ከሱርጉን አላዳነም። ለመጡት ግብር ይቀነስላቸዋል፤ ያለ ፈቃድ ከከተማይቱ መውጣት ግን አይችሉም። ከቀዬው ተነቅሎ ሩቅ አገር የሰፈረ ዘመድ ያለው አንባቢያችን ይህ ምን ማለት እንደሆነ እኛ ብንነግረው ይስቅብናል።

በዚያው ዘመን የኖሩት የቱርክ ታሪክ ጸሐፊ ዓሺቅ ፓሻዛዴ አንድ ነገር ጽፈውልናል። መጀመሪያ ለሰፋሪዎቹ ቤቱ የራሳቸው ነው ተብሎ ተሰጣቸው። ከዚያም ባለ ሥልጣናቱ ኪራይ ጣሉባቸው። ሰዎቹ ንብረታችንን አስጥላችሁ ያመጣችሁን በሌላ ሰው ቤት ኪራይ እንድንከፍል ነውን ብለው አጉረመረሙ፤ አንዳንዶቹም ሚስትና ልጅ ጥለው ጠፉ። ሱልጣኑ ምክር ሰምተው ኪራዩን አነሡት፤ በኋላ ግን በሌላ ሹም ምክር ተመልሶ ተጣለ። በመድፍ የተገኘው ከተማ በኪራይ ሊጠፋ ነበር።

መድረሳና ገበያ

ዙሁርን የሰገድነው በፋቲሕ መስጊድ ነው። ከ1463 እስከ 1470 የተሠራው የመጀመሪያው መስጊድ በ1766 በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሶ የዛሬው በ1771 ተሠርቷል። ቦታው ቀድሞ የሐዋርያት ቤተ ክርስቲያን የነበረበት ነው። ከመስጊዱ ጎን ሱልጣኑ የተቀበሩበት ቱርባ አለ፤ ቆመን ዱዓ አደረግንላቸው። ግራና ቀኝ የተደረደሩት 8ቱ መድረሳዎች ዛሬም አሉ። ከእነዚህ ሌላ ሆስፒታል፣ የመንገደኛ ማረፊያ፣ ለተማሪና ለድሃ በየቀኑ የሚበስልበት ማዕድ ቤትና የኮርቻ ሠሪዎች ገበያ ነበረው። ከሰመርቀንድ የመጡት የሥነ ፈለክና የሒሳብ ሊቅ ዐሊ ቁሽጂም በአያሶፊያ መድረሳ አስተምረው በ1474 በዚህችው ከተማ አረፉ። በሁለት ትምህርት ቤት ላደግን ለእኛ፣ የቁርኣን ተፍሲርና የከዋክብት ሒሳብ በአንድ ከተማ መድረሳዎች ውስጥ መሰጠታቸውን ማየት ልዩ ደስታ ሰጠን።

የዚህ ሁሉ ወጪ ከየት ይመጣ ነበር? መልሱን ለማየት ወደ ተሸፈነው ታላቅ ገበያ፣ ወደ ካፓሊ ቻርሺ ገባን። ዛሬ 60 ያህል መንገዶችና 4 ሺህ የሚጠጉ ሱቆች አሉት፤ የወርቅ ተራ፣ የቆዳ ተራ፣ የምንጣፍ ተራ እየተባለ ይሄዳል። በመካከሉ ያለው 15 ጉልላት የተሸከመው አዳራሽ ግን የሱልጣን ሙሐመድ ነው። ከ1455 ገደማ ጀምሮ የተሠራው ይህ በዴስተን ውድ ጨርቅና ጌጥ የሚሸጥበት፣ ማታ የሚቆለፍና ጥበቃ ያለው ቤት ነበር። የሱቆቹ ኪራይ የአያሶፊያ ወቅፍ ነው። የጨርቅ ነጋዴው የሚከፍለው ኪራይ የኢማሙ ደመወዝና የመብራት ዘይት ይሆናል፤ መስጊድና መድረሳ ባለበት ሰው ይሰፍራል፤ ሰው በሰፈረበት ደግሞ ነጋዴው ገዢ ያገኛል። ሌሎች ሹማምንትም እንዲሁ አደረጉ። ከገበያው ወጥተን ቁልቁል ወደ ባሕሩ ስንወርድ፣ የሱልጣኑ ሳድር አዕዘም (ጠቅላይ ሚኒስትር) ማሕሙድ ፓሻ ያሠሩትን መስጊድ፣ በ1466 የተሠራውን ሐማምና የፀጉር ቆዳ ነጋዴዎችን ማረፊያ ኩርክቹ ሐንን አየን። ሐኑ ዛሬም ይነገድበታል።

በ1477 የከተማይቱ ቃዲ ሙሕዪዲን ቤቶችን ቆጠሩ። በኢስታንቡልና በገላታ 16,324 አባወራ ተገኘ፤ በኢስታንቡል ብቻ 3,667 ሱቅ ነበር። ከኢስታንቡል አባወራዎች 8,951ዱ ሙስሊሞች፣ 3,151ዱ ግሪክ ኦርቶዶክሶች፣ 1,647ቱ አይሁዶች ሲሆኑ፣ የቀሩት አርመኖች፣ ከካራማንና ከከፋ የመጡ ክርስቲያኖች፣ እንዲሁም 31 የሮማ ቤተሰቦች ነበሩ። ግንቡን ለማለፍ 53 ቀን በቃ፤ ከተማውን በሰው ለመሙላት ግን 24 ዓመት ፈጀ።

ሱልጣኑ ራሳቸውም ቢሆኑ ይህንን ሁልጊዜ አልጠበቁም። በኋለኛው ዘመናቸው ለጦርነቱ ወጪ ብለው ብዙ የወቅፍና የግል መሬት ወደ መንግሥት ወሰዱ፤ እንደ ጨውና ሳሙና ያለውን ንግድም በሞኖፖል ያዙ። በ1481 ሲሞቱ ቅሬታው ብዙ ነበርና፣ ልጃቸው ባየዚድ ዳግማዊ የተወሰደውን አብዛኛውን መሬት መለሱ።

ወደ ክፍላችን ስንመለስ በሰሌዳው ላይ «መከፈት» እና «ውድቀት» ብለን ጻፍን፤ በሥራቸውም የ1477ን ቁጥሮች ደረደርን። ያው ተማሪ ጥቂት ካሰበ በኋላ፣ «ከአክሰራይ በግድ የመጡት ሰዎች ኋላ ይቅር ብለው ይሆን?» ሲል ጠየቀ። ልጆቻቸው በሰፈሩ መኖራቸውን፣ የሰፈሩም ስም እስከ ዛሬ ያልተለወጠ መሆኑን ነገርነው። ስለ ልባቸው ግን አላህ ያውቃል ከማለት ሌላ መልስ አልነበረንም።

አላህ (ሱ.ወ) የከፈተውን በር በፍትሕ የሚጠብቅ፣ የነገሠበትንም ሕዝብ አማና የማይዘነጋ መሪ ለሕዝቦች ሁሉ ይስጥ። አሚን።