ገና፣ ገና ነው

አማርኛችን በዓሉንም «አልደረሰም» ማለትንም በአንድ ቃል «ገና» ብሎ መጥራቱ አጋጣሚ ይሁን ምስጢር ይኑረው፣ የቋንቋ ሊቃውንቱ ይጨነቁበት። እኔ ግን ለሁለተኛ ዲግሪ ድሬስደን ከመጣሁ ወዲህ ቃሉ ከነሁለት ትርጉሙ የሚሠራው ጀርመን አገር ነው ባይ ሆኛለሁ። እዚህ የሚከበረው የልደቱ ዕለት ብቻ አይደለም፤ «ገና ነው» እየተባለ የሚጠበቅባቸው አራት ሳምንታትም ጭምር ናቸው። አድቬንት ይሏቸዋል።

መቼም የዚህን አገር ታኅሣሥ ላላየ ሰው የጀርመኖቹ መብራት ማብዛት ጉራ ሊመስለው ይችላል። ፀሐይ በእኛ ሰዓት ሁለት ገደማ ወጥታ አሥር ሲል ትገባለች። «ወጥታ» ያልኩት ለወጉ ነው፤ ብዙውን ቀን ከደመናው ኋላ እንደተደበቀች ውላ ነው የምትገባው። የመመረቂያ ጽሑፍ ያለበት ተማሪ ደግሞ ሳይነጋ ቤተ ሙከራ ገብቶ ከመሸ የሚወጣ ፍጡር ነው። ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ በየቤቱ መስኮት ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ የእንጨት መቅረዝ ይበራል። ልማዱ የመጣው ከከተማዋ በስተደቡብ ካሉት የማዕድን ተራሮች ነው። እዚያ ይኖሩ የነበሩት ቆፋሪዎች በክረምት በጨለማ ጉድጓድ ወርደው በጨለማ ይወጡ ስለነበር፣ የብርሃን ናፍቆታቸውን መስኮት ላይ አስቀመጡት ይባላል። ማታ ማታ ወደ ማደሪያዬ ስመለስ እነዚያ ሰዎች የሥጋ ዘመዶቼ ይመስሉኛል።

በረዶውስ? አትጠይቁኝ። አዲስ አበባ ጽድ ላይ ጥጥ እየበተንን «በረዶ ነው» ተብለን ያደግን ልጆች፣ እውነተኛውን ፍለጋ እዚህ ድረስ መጥተን አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው ካፊያ ነው። ጥጡ ይሻል ነበር።

የከተማዋ የገና ገበያ ግን ካፊያውን ያስረሳል። ሽትሪትዘልማርክት ይባላል፤ አልትማርክት የሚባለው አደባባይ ላይ ነው የሚቆመው። መጀመሪያ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1434 ነው፤ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በነገሡበት ዓመት መሆኑ ነው። ያኔ ጾመው የከረሙ ሰዎች ለበዓሉ ሥጋ የሚገዙበት የአንድ ቀን ገበያ ነበር። የእኛው በግ ተራ ማለት ነው እንግዲህ። ዛሬ በግ የለም። ከእንጨት የተፈለፈሉ መላእክት፣ ከደረቀ ፕሪም የተሠራ ትንሽ የጭስ ማውጫ ጠራጊ፣ በስኳር የተቆላ ለውዝ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ የገባበት ትኩስ ቀይ ወይን ነው ያለው። ወይኑ የሚቀዳው በሸክላ ኩባያ ሲሆን፣ ለኩባያው መያዣ ታስይዛላችሁ፤ ስትመልሱ ገንዘባችሁን ትቀበላላችሁ። ካማረችኝ አልመልስም፤ ይኼው መደርደሪያዬ ላይ ሁለት አሉ።

አሁን «ጾሙስ?» የምትሉኝ አላችሁ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ የእነርሱ አድቬንት ከዚያው በኋላ በቀናት ልዩነት ይጀምራል። አብረን ተነስተን እነርሱ ሁለት ሳምንት ቀድመውን ይደርሳሉ። እናቴ በየሳምንቱ ደውላ «ጾሙን እንዴት ያዝሽው ልጄ?» ትለኛለች። ይዣለሁ። ጠላ የማያስገድፈውን ጾም ትኩስ ወይን የሚያስገድፍበት ምክንያት አልታየኝም፤ የተቆላውን ለውዝማ ነቢያቱ ራሳቸው የሚከለክሉት አይመስለኝም። የቢሮ ጓደኛዬ ብስኩት አምጥታ እንቢ ስላት «ቪጋን ነሽ እንዴ?» አለችኝ። «እስከ ታኅሣሥ 28» ብዬ መለስኩላት። ማስረዳቱ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

እሷም በተራዋ የቅቤውን ታሪክ ያጫወተችኝ ያን ቀን ነው። ሽቶለን የሚሉት ዘቢብ የበዛበት፣ ነጭ ስኳር የተነሰነሰበት የገና ዳቦ አላቸው። ዛሬ ቅቤ በቅቤ ነው። ድሮ ግን የጾም ምግብ ነበር! አድቬንት ጾም ስለነበረ ዳቦው ያለ ቅቤና ያለ ወተት በዘይት ይጋገር ነበር። የአካባቢው ዘይት ደግሞ ውድም የማይጣፍጥም ነበር፤ ወይራ በሳክሶኒ ከየት ይምጣ? መሳፍንቱ ለሮማው ጳጳስ አቤት አሉ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1491 ጳጳሱ ኢኖሰንት ስምንተኛ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ገንዘብ እያዋጡ ቅቤ እንዲጠቀሙ ፈቀዱ። ደብዳቤው እስከ ዛሬ «የቅቤ ደብዳቤ» ይባላል። ለእናቴ ስነግራት «ለቅቤ ብለው ሮም ድረስ!» ብላ ስልኩ ላይ ሳቀች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እነዚህን ሰዎች የማያቸው በሌላ ዓይን ነው። ጾማቸው ጠፍቶ መጠበቁ ብቻ የቀራቸው ሕዝብ ናቸው።

መጠበቁንስ ያውቁበታል። ጓደኛዬ እምነት የሚባል ነገር የላትም፤ በዚህ አገር ምሥራቃዊ ክፍል አብዛኛው ሰው እንደሷ ነው። ሆኖም በየእሁዱ ከአበባ ጉንጉኑ ላይ አንድ ሻማ ትለኩሳለች፤ አራተኛው ሲበራ ገና ደረሰ ማለት ነው። ጉንጉኑን እ.ኤ.አ. በ1839 የጀመረው ሐምቡርግ ውስጥ ችግረኛ ልጆች ያሳድግ የነበረው ቄስ ቪሸርን ነው። ልጆቹ «ገና ስንት ቀን ቀረው?» እያሉ ቢያሰለቹት የጋሪ ጎማ ላይ ሻማ ደረደረላቸው፤ ትንንሾቹ ለአዘቦት፣ ትልልቆቹ ለእሁድ። ዘንድሮ በማደሪያችን ወጥ ቤት እኔ፣ አንድ ሕንዳዊና ሁለት ጀርመኖች በየእሁዱ እየተሰበሰብን እንለኩሳለን። ቡናውን የማፈላው እኔ ነኝ።

እኔ የምለው፣ ለመጤ የሚደርሰው ደግሞ ይኼው መጠበቁ ነው። ዲሴምበር 24 ከሰዓት በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ ማደሪያው ባዶ ይሆናል፣ ሁሉም ወደ እናቱ ቤት ገብቶ በሩን ይዘጋል። ክፋት አይደለም፣ ደንባቸው ነው፤ ዋዜማው የአደባባይ፣ በዓሉ የጓዳ ነው። የእኛ ተቃራኒው ነው። ጾሙ በአንተና በሆድህ መካከል ያለ ጉዳይ ነው፤ ዶሮው ሲበስል ግን ጎረቤት ሳይጠራ ይመጣል፣ ካልመጣም ይኮረፋል። ባለፈው ዓመት ይህን ሳላውቅ የዲሴምበር 24ቱ ጸጥታ ከበደኝ። ዘንድሮ ድርሻዬን ከወዲሁ እየበላሁ ስለሆነ ያን ማታ ለጽሑፌ ሦስተኛ ምዕራፍ ሰጥቼዋለሁ።

የእኛው ገና ጃንዋሪ 7 ሲሆን፣ ያን ቀን እነርሱ ጽዳቸውን አውጥተው እግረኛ መንገድ ላይ ጥለውታል። እኔም ጠዋት ሴሚናር አለብኝ። ግን የጓደኛዬ አያት የጋገሩት አንድ ሙሉ ሽቶለን፣ በፎይል ተጠቅልሎ፣ ቁም ሳጥኔ ላይ ተቀምጧል። ሲቆይ ነው የሚጣፍጠው ብለውኛል። እናቴ ትናንት «በምን ልትገድፊ ነው?» ስትለኝ «ጳጳስ በፈቀደው ቅቤ» አልኳት።

«የእኛ ነው የነሱ?» አለችኝ።