የአራስ ቤት በስቶክሆልም

ስዊድን ልጅ ለወለዱ ባልና ሚስት 480 ቀን ትሰጣለች። ይህን አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ በስልክ ስነግረው «ለእናትየዋ ነዋ?» አለኝ። ለሁለታችንም ነው ስለው ከት ብሎ ሳቀ። አልፈርድበትም። በእኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ስታርፍ፣ ለአባት የሚደርሰው 3 ቀን ነው። እንኳን ልጅ ለማቀፍ፣ «እንኳን ማርያም ማረቻት» የሚለውን ጠያቂ ተቀብሎ ለመሸኘትም አይበቃም።

ያ 3 ቀን ግን ዝም ብሎ የመጣ አይመስለኝም። እኛ ዘንድ አራስ የብዙ ሰው ናት። እናቷ ሕፃኑን ታጥባለች፣ እህቷ ጨርቅ ታጥባለች፣ ጎረቤት ገንፎና አጥሚት ይዛ ትመጣለች። አባት ቢኖርም ቢታጣም ቤቱ ሙሉ ነው። እዚህ ስቶክሆልም ሁስቢ ሰፈር ባለው ፎቃችን ግን ከሆስፒታል የተመለስነው ሦስት ሆነን ነው፤ በሩን ዘግተን ስንቀመጥ የነዚያ ሁሉ ሴቶች ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። በወሊዱ ሰሞን ለአባት ብቻ የሚሰጥ 10 ቀን አለ፣ ከ480ው ውጭ የሚታሰብ። እሱን የጨረስኩት አማቴ በቪዲዮ እያዘዙኝ ነው። «አንተ ልታገነፋ ነው? በል እንግዲህ እጅህ አይቁም፣ ይጓጉልብሃል!» ከኋላቸው የሴቶች ሳቅ ይሰማል።

ስዊድን የእናትን ፈቃድ የወላጅ ፈቃድ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ይሁንና አባቶች ቀኑን ለሚስቶቻቸው እየተዉ አስቸገሩ። ስለዚህ በ1995 አንድ ወር፣ በ2002 ሁለተኛ፣ በ2016 ሦስተኛ ወር ለእያንዳንዱ ወላጅ ተለይቶ ተያዘ። ዛሬ ያ 90 ቀን ለሚስት አይተላለፍም፤ አባት ካልወሰደው ይቃጠላል። ከእኛ ሰዎች መካከል «ይቃጠል፣ ሥራዬን ልሥራ» የሚል አላጣሁም። ትርፍ ሰዓቱ የሚያመጣውን ቢያሰላ አልቃወመውም፤ ግን ሚስቱ ብቻዋን ስንት ሌሊት እንደምታድር አብሮ ማስላት አለበት።

የብዙዎቻችን ችግር ያለው ገንዘቡ ላይ ነው። ከ480ው 390 ቀን የሚከፈለው በደመወዝ ልክ ሲሆን፣ ጣሪያ ቢኖረውም ወደ 80 በመቶ ይጠጋል። የቀረው 90 ቀን በቀን 180 ክሮነር ነው። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹን 180 ቀናት በደመወዝህ ልክ ለማግኘት፣ ልጁ ይወለዳል ከተባለበት ቀን በፊት 240 ቀን ሳይቋረጥ ገቢ ሊኖርህ ይገባል። አለበለዚያ ለእነዚያ ቀናት የምታገኘው 250 ክሮነር ብቻ ነው። አረጋውያን ቤት፣ ጽዳት፣ ምግብ ቤት እየተጠራ በሰዓት ለሚሠራ አበሻ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆድ ሲገፋ ሳይሆን ገና ልጅ ሲታሰብ ወደ ማኅበራዊ ዋስትናው መሥሪያ ቤት፣ ወደ ፎርሼክሪንግስካሳን ደውሎ መጠየቅ ይሻላል። በቤተሰብ ማገናኘት ልጅ ለሚያስመጡም ሌላ ስሌት አለ፦ ልጁ ሁለት ዓመት ካለፈው በኋላ ከመጣ 480ው ወደ 100 ይወርዳል።

ሌላው ቀለል ያለ ነው። ለአሠሪ ከሁለት ወር በፊት ማስታወቅ ግዴታ ነው፤ ልጅ ሲታመም ቀርተህ የምትካስበት ፈቃድም አለ፣ እዚህ «ቫብ» የሚሉት።

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ የመጣው ለውጥ ነው። እያንዳንዱ ወላጅ እስከ 45 ቀን ወላጅ ላልሆነ ሰው መስጠት ይችላል። አያቶችም ቀን ሊያገኙ ነው ሲባል እኛ ቤት እልል ተባለ፤ አማቴ በቪዛ ሊመጡ ነበርና። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ቀኑ የሚሰጠው በስዊድን ማኅበራዊ ዋስትና ውስጥ ላለ ሰው ነው። ለጥየቃ የመጡ አያት፣ ልጅ ያሳደጉበት ዕድሜ ሁሉ እያለ፣ በዚህ ሕግ ዓይን እንግዳ ናቸው። የስዊድናውያኑ አያት ከተማው ውስጥ ስላሉ ሕጉ ለእነሱ ተሰፋ፤ የእኛዎቹ ቦሌ ላይ ቀሩ።

ሆኖም ሕጉ ዝምድና አይጠይቅም፣ ጓደኛም ይሆናል። የልጃችን የክርስትና እናት እዚሁ ከተማ ቴንስታ ትኖራለች፣ ቋሚ ሥራ አላት፣ እዚህ የራሷን ሁለት ልጆች አሳድጋለች። ክፍያው በእሷ ገቢ ልክ ይታሰብላታል። ሚስቴ ትምህርቷን ስትቀጥል ከእኔ ቀን ላይ ለእሷ ልሰጣት ተነጋግረናል። አሁን ከአለቃዋ ጋር ቀኑን እየተመካከረች ነው፤ እሷ የምትፈልገው ከፋሲካ በኋላ ነው፣ እሱ ደግሞ በጋ ላይ ሰው ያንሰኛል ይላል።