ከአሮጌ በር የሚወጣ ሣጥን፤ በብቸናና በሞጣ መንገድ

የዓባይን በረሃ ወጥቶ ደጀን የደረሰ መንገደኛ በዚያ መንገዱ ለሁለት ሲከፈል ያገኘዋል። አንደኛው ወደ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል፤ ሁለተኛውም በስተ ቀኝ ታጥፎ በብቸና፥ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር ይወስዳል። በዚህ በሁለተኛው መንገድ የሚሄድ ሰው ጤፍና ስንዴ የሚበቅልበትን ሰፊ አገር እያየ ያልፋል። ዛፍ ግን ከሁለት ስፍራ በቀር ብዙ አያጋጥመውም። አንዱ በየጓሮውና በየማሳው ዳር በመስመር የቆመው፥ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ሁለተኛው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ተጠብቆ የቀረው ጽድ፥ ወይራና ዋንዛ ነው።

የቀድሞው ዱር ግን ከቅጽር ውጭ ፈጽሞ ጠፋ ማለት አይቻልም፤ ከፊሉ በየሰዉ ቤት ውስጥ ቆሟልና። የአሮጌው ቤት ምሰሶ፥ መቃንና የበር ሳንቃ አያቶች በመጥረቢያ የጠረቡት የአገር ዕንጨት ነው። ዛሬ ባለቤቱ አሮጌውን ቤት አፍርሶ በባሕር ዛፍ ማገርና በቆርቆሮ ክዳን አዲስ ቤት ሲሠራ ያ ሳንቃ ከጓሮ ይጣላል፤ ክረምት በገባም ጊዜ ተፈልጦ ከምድጃ ይገባል። ባሕር ዛፍን አንነቅፍም፤ ቶሎ አድጎ ለገበሬው ገንዘብ ያስገኝለታል። ዋንዛን ማንደድ ግን ታላቅ ብክነት ነው። በ1986 ዓመተ ምሕረት የወጣው የደን ዐዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን ከኮሶ፥ ከዝግባና ከጽድ ጋራ ቈጥሮ ከመንግሥት ደን እንዳይቈረጥ ከልክሎ ነበር።

ዋንዛ ለመላጊያና ለመሮ የሚታዘዝ፥ ምስጥም ቶሎ የማይደፍረው ዕንጨት ነው። በብቸና አካባቢ ያለው የዲማ ጊዮርጊስ ገዳም የታወቀ የሊቃውንት ስፍራ ነው፤ እንዲህ ባለ ገዳም የሚገኘው የብራና መጽሐፍ ገበታው ከዋንዛ ወይም ከወይራ የተሠራ ነው። ገበታውም የተሰነጠቀ እንደ ሆነ መጽሐፍ ደጓሹ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ በስቶ በጅማት ወይም በክር ይሰፋዋል እንጂ አይጥለውም።

እንግዲህ ከአንድ አሮጌ በር ምን ሊወጣ ይችላል ቢባል፥ ለቤተ ሰብ እጅግ የሚጠቅመው አንድ ትንሽ ሣጥን ነው። በአማራ ክልል ከ1995 ዓመተ ምሕረት ገደማ ጀምሮ ለገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ስም በአንድነት ተጽፎበታል። ባሏ የሞተባት ሴት ከዘመድ ጋራ ክርክር ቢነሣባት ምስክሯ ይህ ደብተር ነው። ነገር ግን በብዙ ቤት ከጣራ ሥር ተሽጦ ወይም ከእህል ጋራ ተቀምጦ አይጥና ጢስ ሲጫወቱበት ይታያል።

ሠሪው አስቀድሞ ደብተሩን ይለካ፤ በየጐኑም የአንድ ጣት ስፋት ይጨምር። ከዚያ ሳንቃውን በቢላዋ ጫፍ እየፈተሸ የተደበቀውን ምስማር ሁሉ በጉጠት ይንቀል፤ አንድ የተረሳ ምስማር የመጋዝን ጥርስ ያበላሻልና። ነቀዝ የቦረቦረውን ወገን ቈርጦ ይጣል። ጥቀርሻው በመላጊያ ሲነሣ ከሥሩ ቡናማ የሆነው የዋንዛ መልክ ብቅ ይላል፤ የሥራው ደስታም ከዚህ ይጀምራል። ዕንጨቱ ብዙ ዘመን ደርቆ የኖረ ስለ ሆነ እንደ እርጥብ ጣውላ ነገ ይጣመማል ተብሎ እምብዛም አያሠጋም።

የሣጥኑ ቁመት 9 ሳንቲ ሜትር፥ የሳንቃው ውፍረት 1.5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ ጫፉ ስድስት እኩል ክፍል ይሆናል። በአንደኛው ሳንቃ 1ኛው፥ 3ኛውና 5ኛው ክፍል፥ በሁለተኛውም 2ኛው፥ 4ኛውና 6ኛው እንደ ሳንቃው ውፍረት ጠልቆ ይቈረጣል፤ ሁለቱም እንደ ሁለት እጅ ጣቶች ይጠላለፋሉ። መጋዙ ከመስመሩ ላይ ሳይሆን በሚጣለው ወገን ይሂድ። ለጀማሪ የሚከብደው ይህ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በአንድ የባሕር ዛፍ ቁራጭ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይለማመድ።

መጋጠሚያው በኮላ ይያዝ። ወለሉ ግን በውስጥ በኩል በመሮ በተቈፈረ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ቦይ ውስጥ ያለ ኮላ ይግባ፤ ዕንጨት በክረምት ያብጣል፥ በበጋም ይሸሻል፤ የታሰረ ወለል ግን ይሰነጠቃል። ለክዳኑ ማጠፊያ ከገበያ የሚገዛ ብረት ባይኖር ሁለት ቁራጭ ጠፍር ይበቃል።

በመጨረሻም ጎጃም ማር የማይታጣበት አገር ስለ ሆነ ጥቂት ሰም በተልባ ዘይት ውስጥ ይቅለጥ። ድስቱ በፈላ ውሃ ላይ ይሁን እንጂ በእሳት ላይ አይጣድ። በጨርቅ ተቀብቶ በማግስቱ ይወልወል። ጨርቁ ተጨብጦ ከጥግ አይጣል፤ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ በራሱ ግሎ ሊነድ ይችላልና በደጅ ተዘርግቶ ይድረቅ። ደብተሩም ወደ ሣጥኑ የሚገባው የዘይቱ ሽታ ከጠፋ በኋላ ነው።