የጠለቃ ትምህርትና የመጻሕፍቱ ዋጋ

ከሠራዊት የተሰናበቱ የማኅበረሰባችን ወጣቶች አልፎ አልፎ ይደውሉልኛል። የባሕር ጠለቃ አሠልጣኝ መሆን ይፈልጋሉ፤ የመጀመሪያ ጥያቄያቸውም ሁልጊዜ አንድ ነው። «ኮርሱ ስንት ያስከፍላል?» ይሉኛል። እኔም መልሼ «ኮርሱ ብቻ ነው ወይስ ከነመጻሕፍቱ?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ብዙዎቹ ዝም ይላሉ፤ ስለ መጻሕፍት የነገራቸው የለምና። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ዝምታ ነው።

እኔ ወደ እስራኤል የመጣሁት እ.ኤ.አ. በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ፣ በ9 ዓመቴ ነው። በተወለድኩበት በጎንደር ገጠር ውሃ ማለት እናቶቻችን በእንስራ የሚያመጡት፣ በክረምት ደግሞ ሞልቶ መንገድ የሚዘጋ ወንዝ ነበር። ባሕርን ያወቅሁት እዚህ አገር ነው። ሠራዊቱን ከጨረስኩ በኋላ በ2004 ወደ ኤይላት ወርጄ በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠርኩ። ከሥራ በተረፈኝ ሰዓት ጠለቃ ተማርኩ፤ ደረጃ በደረጃም ወጥቼ ለአሠልጣኝነት ኮርስ ደረስኩ።

የጠለቃ ክበቡ ጸሐፊ የኮርሱን ዋጋ በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ከሠራዊት ስሰናበት የተሰጠኝን ገንዘብ አስቀምጬ ስለ ነበር ሒሳቡ ልክ መጣ፤ ጥቂትም ተረፈኝ። ኮርሱ በተጀመረበት ቀን ግን ሁለተኛ ወረቀት ተሰጠን። በላዩ ላይ የመጻሕፍትና የማስተማሪያ ዕቃዎች ዝርዝር ነበረበት፤ እያንዳንዱም «ግዴታ» የሚል ምልክት ተደርጎበታል። ድምሩ ከሌሎች ልጆች ጋር ለምኖርበት ክፍል ከምከፍለው የሁለት ወር ኪራይ ይበልጥ ነበር። አብረውኝ ከሚማሩት አንዳንዶቹ አባታቸው ወይም ወንድማቸው በዚሁ ሙያ ያለ ስለ ነበር ዝርዝሩን አስቀድመው ያውቁታል። በሙያው ዘመድ የሌለው ግን ከየት ያውቃል?

በዝርዝሩ ላይ የነበሩት እነዚህ ናቸው። የመጀመሪያው የአሠልጣኙ መመሪያ ነው፤ አንድ አሠልጣኝ ስንት ተማሪ ይዞ መውረድ እንደሚችል፣ እስከ ምን ጥልቀት፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚያስተምር የሚደነግገው እርሱ ነው። ሁለተኛው የጠለቃን ሳይንስ የያዘ ትልቅ መጽሐፍ ከነመለማመጃው ነው። ከዚያ የጥልቀትና የጊዜ ሠንጠረዥ፣ ለየደረጃው የተማሪዎች መጽሐፍ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ማስተማሪያ፣ ደግሞም ውሃ ውስጥ ይዘናቸው የምንወርደው በእርሳስ የሚጻፍባቸው የፕላስቲክ ሰሌዳዎች አሉ። የደረሱኝ መጻሕፍት አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ነበሩ። አማርኛ አፍ የፈታሁበት፣ ዕብራይስጥ የተማርኩበት፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ሦስተኛዬ ስለሆነ መዝገበ ቃላትም መጨመር ነበረብኝ።

በሻባት ወደ ቤተሰቦቼ ወጣሁ። እናቴ ፊቴን አይታ ምን እንደ ሆንኩ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። «ልጄ፣ ውሃ ለመግባት ይህ ሁሉ መጽሐፍ ምን ያደርጋል? ዓሣን ማን አስተማረው?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ዓሣ እንደ እኛ አየር ይዞ አይወርድም» አልኳት። ከዚያም እንዲህ ብዬ አስረዳኋት። ሰው 10 ሜትር ሲወርድ ግፊቱ ከላይ ካለው እጥፍ ይሆናል፤ 30 ሜትር ላይ 4 እጥፍ ይደርሳል። እዚያ ታች ከጋኑ የሚተነፍሰው አየር የተጨመቀ ነው። አንድ ተማሪ 10 ሜትር ላይ ሳንባውን ሞልቶ፣ ደንግጦ ትንፋሹን እንደ ያዘ ወደ ላይ ቢወጣ አየሩ እጥፍ ሊሆን ይታገላል፤ ሳንባውንም ሊቀድደው ይችላል። ረጅም ጊዜ በጥልቀት የቆየ ደግሞ ናይትሮጅን የሚባለው ጋዝ በሰውነቱ ውስጥ ይሟሟል፤ በፍጥነት ከወጣ ጋዙ በደሙና በሥጋው ውስጥ አረፋ ይሠራል። ሆልደን የተባለ የብሪታንያ ሳይንቲስት ከባልደረቦቹ ጋር በ1908 የአወጣጡን ሠንጠረዥ ያሳተመው ለዚህ ነው። አሠልጣኝ ይህን ሁሉ ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለተማሪውም ማወቅ አለበት።

እናቴ ጥቂት ዝም ብላ «እንግዲያው መጽሐፉ አልተወደደም፤ የሰው እስትንፋስ አደራ ሊሰጡህ ነው። ክፉው ነገር አስቀድመው አለመንገራቸው ነው» አለችኝ። በዚያ ወር ዕቁብ ደርሷት ነበር፤ ማቀዝቀዣ ልትገዛበት ያሰበችው ገንዘብ ነው። አሮጌው ማቀዝቀዣ ሌሊት ሌሊት እንደ ትራክተር ይጮኽ ነበር። ገንዘቡን ቆጥራ ሰጠችኝና «ይህ ደግሞ አንድ ክረምት ይጩህ» አለች። አሠልጣኝ ሆኜ በሠራሁበት የመጀመሪያው ዓመት ማቀዝቀዣውን ገዛሁላት። ያ ክረምት ግን ለእርሷ ረጅም እንደ ነበር አውቃለሁ።

እናቴ የተናገረችውን እኔም እስከ ዛሬ እላለሁ። መጻሕፍቱ ያስፈልጋሉ፤ ያለ እነርሱ የሚያስተምር ሰው ለሰው ሕይወት አደጋ ነው። የሚጎዳው የተደበቀው ዋጋ ነው፤ የሚጎዳውም ጠያቂ ዘመድ የሌለውን ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የሙሉውን ወጪ ዝርዝር በጽሑፍ ጠይቁ። የኮርሱ፣ የመጻሕፍቱ፣ የፈተናው፣ የምዝገባውና የዓመታዊው አባልነት ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ ነው። የሐኪም ምርመራ አለ፤ በ1979 በወጣው የእስራኤል የስፖርት ጠለቃ ሕግ መሠረት ኢንሹራንስም ያስፈልጋል። ለመግቢያ የሚጠየቁት ጠለቃዎችም ገንዘብ ናቸው። ለምሳሌ በ1966 የተቋቋመው ፓዲ የአሠልጣኝነት ኮርስ ለመጀመር 60፣ ለፈተናው ደግሞ 100 የተመዘገቡ ጠለቃዎችን ይጠይቃል። ከሠራዊት የተሰናበታችሁም ፒካዶኑ የሚከፈለው ሕጉ ለዘረዘራቸው ጉዳዮች ስለሆነ፣ የመረጣችሁት ኮርስ የታወቀ መሆኑን ሳትመዘገቡ አረጋግጡ።

ሁሉን ነገር አዲስ መግዛትም ግድ ላይሆን ይችላል። የአሠልጣኙ መመሪያ በየጊዜው ስለሚታደስ አሮጌው ለፈተና አይሆንም። የጋዝ ሕግ ግን አይለወጥም። ስለዚህ የሳይንሱን መጽሐፍ ከጨረሰ ሰው በግማሽ ዋጋ ልታገኙት ትችላላችሁ፤ ኮርሱ እንደሚቀበለው ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዛሬ ብዙው በስልክና በኮምፒዩተር ሆኗል፤ ይህ መሸከሙን ቢያቀልም ሌላ ነገር አምጥቷል። መጽሐፍ ለታናሽ ወንድም ይተላለፋል፤ በአንድ ሰው ስም የተገዛ የኮምፒዩተር ትምህርት ግን አይተላለፍም።

በማኅበራችን ቢሮ አንድ መደርደሪያ ለሙያ መጻሕፍት እንዲሰጥ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለጠላቂ ብቻ አይደለም፤ የነርስነት፣ የኤሌክትሪክ፣ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት የጨረሰ ሁሉ መጽሐፉን ያስቀምጥ፣ የሚጀምረውም ይዋስ። ከየመጽሐፉ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ትምህርቱ በጠቅላላው ስንት እንደ ፈጀበት ይጻፍ። ያ ወረቀት ከመጽሐፉ የበለጠ ሊጠቅም ይችላል። የእኔን የሳይንስ መጽሐፍ፣ ሰሌዳዎቼንና የወጪዬን ዝርዝር አዘጋጅቻለሁ፤ መደርደሪያው እንደ ተዘጋጀ አመጣቸዋለሁ።