የሰን ራ ሸክላና የባለቤቴ ክራር

ባለፈው ክረምት ሴት ልጄ ወልዳ ላርሳት ፊላደልፊያ ሄጄ ነበር። ገንፎውን አገንፍቼ፣ ሕፃኑን አጥቤ ካስተኛሁ በኋላ ከሳሎኑ መስኮት ሥር ካለችው ወንበር ላይ አረፍ እላለሁ። አንድ ቀን እዚያው እንደተቀመጥኩ የ14 ዓመቱ የልጅ ልጄ ከፒያኖ አስተማሪው የተዋሰውን ሸክላ ይዞ መጣና ማጫወቻው ላይ አደረገው።

የሚሰማው አንድ ፒያኖ ብቻ ነው። ዘፋኝ የለም፣ ከበሮም የለም። ግራ እጁ ወፍራሞቹን ድምፆች አንድ ላይ ይጫናል፤ ቀኝ እጁ የራሱን መንገድ ይዞ ይሮጣል፤ መሐል ላይ ዝም ይላል፤ ከዚያ ካልጠበቁት ቦታ ይነሳል። እኔ ዕድሜዬን በነርስነት የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ አፌ ላይ የመጣልኝ የሙያዬ ጥያቄ ነበር።

“ይኸ ሰውዬ ስትሮክ መትቶታል እንዴ?” አልኩት።

“አያቴ፣ ሆን ብሎ እኮ ነው!” ብሎ በሳቅ ፈረሰ።

እኔ ግን አልሳቅኩም። አዲስ አበባ ትቼው የመጣሁት ባለቤቴ ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ የደከመ ነው።

ልጁ ዝምታዬን አይቶ ነው መሰለኝ ስለ ሰውዬው ያነብልኝ ጀመር። ሰን ራ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1914 በአሜሪካ አላባማ ግዛት በበርሚንግሃም ከተማ ሲወለድ ስሙ ኸርማን ብላውንት ነበር። በኋላ ስሙን ቀይሮ ከሳተርን ፕላኔት ነው የመጣሁት ይል ጀመር። በእኛ አገር ጃዝ ሲባል ሙላቱ አስታጥቄ ትዝ ይለናል፤ የሰን ራ ጃዝ ደግሞ ከተለመደው መንገድ ጨርሶ የወጣ ነው። ከ1968 ጀምሮ ከባንዱ አባላት ጋር በአንድ ቤት ይኖር የነበረው እዚያው ፊላደልፊያ፣ ጀርመንታውን በሚባለው ሰፈር ነው።

ሰን ራ በይበልጥ የሚታወቀው ትልቅ ባንድ በመምራት ነው። ብቻውን ፒያኖ የተጫወተበት ይኸ አልበም “ሞኖሬልስ ኤንድ ሳተላይትስ” ይባላል። በ1966 ኒውዮርክ ውስጥ ተቀርጾ በ1968 ያሳተመው ኤል ሳተርን የተባለው የራሱ ትንሽ ኩባንያ ነው። ኩባንያው ሸክላዎቹን የሚያሳትመው በጥቂት ቁጥር ነበር፤ የአንዳንዶቹን ሽፋን የባንዱ ሰዎች በእጃቸው እያስጌጡ ኮንሰርት ላይ ይሸጡ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ኅትመት በቀላሉ አይገኝም። የልጅ ልጄ የተዋሰው በ2019 እንደገና የታተመውን ነው።

በአልበሙ ውስጥ “ኢዚ ስትሪት” የሚባል የሌላ ሰው የቆየ ዜማ አለ። እሱ ሲመጣ ጆሮዬ ዜማ አገኘ። ሰውዬው እንደ ሰው መጫወት ይችላል ማለት ነው! በልጅነቱ ባንዶች ሲጫወቱ ሰምቶ ሙዚቃቸውን በኖታ የሚጽፍ፣ ጎልማሳ ሲሆንም ከታወቁ የጃዝ መሪዎች ጋር የሠራ ነበር። እኔ የእጅ ድካም ያልኩት የራሱ ምርጫ ነው።

“በመጨረሻ ምን ሆነ?” ብዬ ጠየቅሁት።

ልጁ ትንሽ አመነታና ነገረኝ። በ1990 እውነትም ስትሮክ መታው። ከዚያም በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋ መድረክ ላይ ይወጣ ነበር። መጨረሻ ላይ ሲደክም ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ እህቱ ዘንድ ሆነ፤ በ1993 በ79 ዓመቱ እዚያው በርሚንግሃም አረፈ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ባለቤቴ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። ማታ ማታ ክራር ይመታ ነበር። ከሆስፒታል እንደተመለሰ ክራሩን አንስቶ ሞከረ፤ የግራ እጁ ጣቶች አንዱን ክር ሲፈልጉ ሁለቱን ይነካሉ። ዜማው አልመጣለትም። በማግስቱ ክራሩን በነጠላ ጠቅልዬ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀልኩት። “እንዳያዝን ብዬ ነው” አልኩ ለራሴ። በሥራ ዘመኔ ስንቱን የታማሚ ቤተሰብ “የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ ይቆልፍ፣ ጊዜ ቢፈጅም ተዉት፣ እጅ የሚበረታው ሲሠራ ነው” ብዬ መክሬያለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ምክሬን በር ላይ ትቼው ገባሁ። እውነቱን ለመናገር ያ የተሰባበረ ድምፅ ያሳዘነው እሱን ብቻ አልነበረም። መስማት ያልቻልኩት እኔ ነኝ።

ሲነጋ ስልክ ደወልኩ። ባለቤቴን እየጠበቁ የቆዩልኝ ታላቅ እህቱ ናቸው።

“እትዬ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን ክራር አውርደው ይስጡት” አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። “አንቺ በሄድሽ በሳምንቱ አውርጄዋለሁ። እንዳትቆጪ ብለን ነው ያልነገርንሽ።”

“ብለን” ያሉት ነገር ውስጤ ገባ። በገዛ ቤቴ ባለቤቴና እህቱ ክራር ከእኔ ሲደብቁ ከርመዋል።

ስልኩን አጠገቡ አስቀመጡለትና መታ። የማውቀው ዜማ አልነበረም። አንዱ ክር ሲጠራ ሌላው ተከትሎ ይንጫጫል፤ ያቆማል፤ ይጀምራል። በሌላ ጊዜ ቢሆን “በቃ፣ ደከመህ፣ አረፍ በል” እለው ነበር። የዚያን ቀን እስኪጨርስ ዝም አልኩ።

“ሰማሽ?” አለኝ።

“ሰማሁ።”

“አያምርም አይደል?”

“እንደ ድሮው አይደለም” አልኩት። “ግን ቀጥል።”

አሁን አገሬ ገብቻለሁ። ክራሩ ከአልጋው አጠገብ፣ ቀኝ እጁ በሚደርስበት ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ጣቶቹ እንደ ቀድሞው አልሆኑም፤ ክራር ስትሮክን ያድናል ብዬም አላታልላችሁም። ፊዚዮቴራፒውም መድኃኒቱም እንደ ታዘዘው ቀጥሏል። ነገር ግን ማታ ማታ እንደ ቀድሞው የሚጠብቀው ሥራ አለው። የሰን ራን ሸክላም ወደድኩት አልልም። ከመመለሴ በፊት ግን ከልጅ ልጄ ጋር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰምቼዋለሁ።

ወላጆችና አያቶች ሆይ፣ እኛ ስንታመም ልጆቻችን፣ የትዳር ጓደኞቻችን ሲታመሙ ደግሞ እኛ፣ በፍቅር ብዛት ብዙ ነገር ከእጅ እንነጥቃለን። ማብሰያውን፣ መርፌና ክሩን፣ የጓሮውን መኮትኮቻ። አደጋ ያለበትን መከልከል ተገቢ ነው። በቤታችሁ “እንዳያዝን” ተብሎ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተቀመጠ ነገር ካለ ግን፣ መጀመሪያ ባለቤቱን ጠይቁት።