የማይመርጡት እንግዳ

ፖለቲከኛ ድምፅ ወዳለበት ይሄዳል። ድልድይ ሲመርቅም ሆነ ለቅሶ ሲደርስ፣ ዓይኑ ከምርጫ ካርዱ ላይ አይነቀልም። ታዲያ የብሪታንያ የምክር ቤት አባላት በያመቱ ሴፕቴምበር 10፣ እኛ ጳጉሜን 5 ብለን ለዘመን መለወጫ ጉድ ጉድ በምንልበት ቀን፣ ለብሔራዊ በዓሏ ተጋብዘው ጂብራልታር ድረስ የሚሄዱት ምን ፍለጋ ነው? ኬዝሜትስ በሚባለው አደባባይ ቀይና ነጭ ለብሶ የሚያጨበጭብላቸው ሕዝብ አይመርጣቸውም፤ ልምረጣችሁ ቢልም አይችልም። ጂብራልታር የራሷ ፓርላማና የራሷ ዋና ሚኒስትር አሏት፤ ለንደን ላይ ግን አንድ ወንበር እንኳ የላትም።

ቦታዋ ከስፔን ደቡብ ጫፍ ባሕሩ ላይ የተገተረች አለት ናት። ስፋቷ ሰባት ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ሕዝቧም ጥቂት አሥር ሺሕ ቢሆን ነው። የእንግሊዝና የሆላንድ ጦር እ.ኤ.አ. በ1704 ያዛት፤ ስፔንም በ1713 በዩትሬክት ውል ለእንግሊዝ ለቀቀቻት። ፈርማ ከለቀቀች በኋላ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ትጠይቃታለች።

የእኛ ሰው «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይላል። የስፔንም ሙግት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ተረቱ የዘለለው ነገር ቢኖር የሰርዶውን ፈቃድ ነው፤ በየትኛው በሬ መጋጥ እንደሚሻ የጠየቀው የለም። ጂብራልታር ላይ ግን ሰርዶው ተጠየቀ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1967 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 12,138 ሰዎች ከብሪታንያ ጋር እንቆያለን አሉ፤ ወደ ስፔን እንግባ ያሉት 44 ብቻ ነበሩ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ግን ውሳኔውን አልተቀበለውም። በ1969 ደግሞ ብሪታንያ፣ ሕዝቡ በነጻነት ካልፈቀደ በቀር ለሌላ መንግሥት አሳልፌ አልሰጣችሁም የሚል ቃል በአዲሱ ሕገ መንግሥት መግቢያ አሰፈረች። የስፔኑ ገዥ ፍራንኮ ወዲያው የድንበሩን በር ዘጋ። ዘመዳሞች ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ ቆመው እየተጯጯሁ ልደትና ሞት ተረዳዱ። በሩ ለእግረኛ የተከፈተው በ1982፣ ለመኪና ደግሞ በ1985 ነው። ዕለቱ ብሔራዊ በዓል ሆኖ መከበር የጀመረውም ሕዝበ ውሳኔው 25 ዓመት በሞላው በ1992 ነው።

እንግዳው የምክር ቤት አባል በበዓሉ ቀን ወደ መድረኩ ሲወጣ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሕዝብ ነው የሚጠብቀው። ይህ ሕዝብ በጽሑፍ የሰፈረ ቃልም እንደሚላላ አይቷል። በ2002 የብሪታንያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጃክ ስትሮው ወደ ጂብራልታር ብቅ ቢሉ በጩኸትና በተቃውሞ ተቀበላቸው፤ ለንደን ከማድሪድ ጋር ሉዓላዊነቱን ስለ መጋራት እየተደራደረች ነበርና። ስትሮው በጁላይ ለምክር ቤታቸው በመርሆዎቹ ላይ በብዙው ተስማምተናል ብለው ተናገሩ። ጂብራልታሮች ለንደንን ሳይጠብቁ በኖቬምበር የራሳቸውን ሕዝበ ውሳኔ ጠሩ፤ 17,900 ሰዎች አይሆንም አሉ፤ ይሁን ያሉት 187 ናቸው።

ከዚያ ወዲህ የበዓሉን ግብዣ እንደ ተራ መስተንግዶ ማየት ይቸግረኛል። እንግዳው በዓል ሊያደምቅ የመጣ ይመስለዋል፤ ጋባዦቹ ግን በሺዎች ፊት ቃል ያስገቡታል። ነገ ለንደን ሌላ ነገር ቢያስብ «ያን ቀን ምን ብለህ ነበር?» የሚለው ብዙ ነው። የትኛውም ፓርቲ ሥልጣን ቢይዝ ከመካከሉ መድረኩን የረገጠ ሰው እንዲገኝ፣ ከገዥውም ከተቃዋሚውም ወገን መጥራት ነው ብልሃቱ።

ብልሃቱ ግን ልክ አለው። በ2016 ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ አትውጣ ሲባል ጂብራልታሮችም ድምፅ ሰጡ፤ ከመቶ 96ቱ እንቆይ አሉ። የዋናው ምድር ድምፅ በለጠና አብረው ወጡ። በየመድረኩ የተገባላቸው ቃል ለሌላ እንዳይሰጡ ይጠብቃቸዋል፤ ባለቤቱ ራሱ መንገድ ሲቀይር ግን ተከትሎ ከመሄድ አያድናቸውም። ለዚህ የሚበጀው ውሳኔው ከሚሰጥበት ቤት ወንበር ማግኘት ነበር፤ ወንበር የሌለው ሕዝብ ደግሞ ባለ ወንበሮቹን በያመቱ እየጠራ ያናግራል።